ጥዱ ሲንቀጠቀጥ

ወፍጮው መነሳቱን ከጆሮዬ በፊት የሚያውቀው እግሬ ነበር። ንዝረቱ ከመሬት ይነሳና በቁርጭምጭሚቴ አልፎ ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ያሳክከኛል። ከዚያ የናፍጣው ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሞተሩ ጩኸት። እናቴ ተራ ስትጠብቅ እኔ ወፍጮው ከተቀመጠበት መደብ ሥር ሾልኬ እገባና የተሸከመውን ትልቅ አግዳሚ እንጨት በሁለት እጄ አቅፈዋለሁ። ጉንጬን ሳስጠጋበት ጥርሴ እርስ በርሱ ይንቀጫቀጫል። የጥድ ሽታው ገና አልለቀቀውም ነበር።

እንጨቱ የፈራ ይመስለኝ ነበር።

የማውቀው ዛፍ ስለሆነ ነው። በሚካኤል ቅጥር ውስጥ ከምዕራቡ በር አጠገብ ቆሞ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ እኛ ልጆች ከሥሩ የምንጫወትበት ጥድ ነበር። ክረምት ላይ ነፋስ ጣለው። አናጢ የነበረው አባቴ፣ ደግሰው የሚባለው፣ ጠርቦ በበሬ አስጎተተና ወፍጮ ቤት አስገባው። ከወንድሞቹ ተለይቶ ጨለማ ቤት የገባ ዛፍ ቢፈራ ምን ይገርማል?

«አባዬ፣ ወደ ቤቱ መልሰው» አልኩት አንድ ቀን።

«ማንን?»

«ጥዱን። ይንቀጠቀጣል እኮ።»

አባቴ ሳቀ። «ወፍጮ ተሸክሞ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ? አንቺም ብትሸከሚው ትንቀጠቀጫለሽ።»

ስለዚያ እንጨት ሲነሳ አባቴ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መንደራችን ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ ሲሄዱ ከመንገዱ ወርዶ ገደሉ ሥር ነው ያለው። ያኔ መኪና አይደርስበትም። ወፍጮው መኪና እስከሚደርስበት ተጭኖ መጣና ከዚያ ወንዶቹ እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው አወረዱት። ቁልቁለቱ ላይ አንደኛው ተንሸራተተ፤ ትልቁ የብረት መዘውር ከቋጥኝ ጋር ተላተመ፤ ከጠርዙም የመዳፍ ያህል ተሸርፎ ቀረ። ይህን ያላየ ሰው አልነበረም። ከማሽኑ ጋር ከወልድያ የመጣው ፈጪው ቅጣው መዘውሩን በእጁ አሽከርክሮ አየና «ለመፍጨት ምንም አይለውም» አለ። እልል ተባለ። ሴቶቹ ከእጅ ወፍጮ ሊገላገሉ ነው፤ የብረት ስባሪ ማን ልብ ይለዋል?

ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ወፍጮው የሚቀመጥበት መደብ በእንጨት ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ያን መደብ ከሥር የተሸከመው ጥዱ ነው። ሞተሩ ከጎን መሬት ላይ ሆኖ የወፍጮውን መዘውር በቺንጋ፣ በረጅም የጎማ ቀበቶ፣ ያዞረዋል።

መንቀጥቀጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። ማሽላና ጤፍ ሲፈጭ ትንሽ ነው፤ ሰው ለምዶታል። የወሩ ሚካኤል ሲቃረብ ግን ተረኛዋ ሴት ለዝክሩ ጠላ የሚሆን ብቅል ይዛ ትመጣለች። ያኔ መደቡ ይዘላል፤ ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል፤ ጆንያው ብቻውን እየተንፏቀቀ ወደ በሩ ይሄዳል። እኛ ልጆች ደስ ብሎን እንጮኻለን። ሴቶቹ ያማትባሉ።

አንድ ቀን ከወፍጮ ስንመለስ ጎረቤታችን ዝናሽ ለእናቴ «የሰውን እህል ዝም ብሎ፣ ለራሱ ዝክር ብቅል ሲመጣ የሚቆጣው ለምን ይመስልሻል?» አለቻት።

«ማን ነው የሚቆጣው?» አለች እናቴ።

«ሚካኤል ነዋ! ዛፉን ቢነጥቁት ዝም ይበል? እታለምዬ፣ አንቺን አይደለም። ግን የደብር ዛፍ ቢወድቅም የደብር ነው። ወይ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሠራበታል፣ ወይ እዚያው ይበሰብሳል። የሰበካው ጉባኤ ሳይፈቅድ የነካው ሰው ግዝት አለበት። ይህን ባልሽ ጠፍቶት ነው?»

እናቴ እስከ ቤት ድረስ አቀርቅራ ሄደች። ዱቄቱ ከብዷት መስሎኝ ነበር። «ትንሽ ልያዝልሽ?» ብላት ሳታየኝ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ከሰው ሁሉ አፍ ገባ። ወንዶቹ አባቴን መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸው አጠረ። የአገራችንን ቋንቋ ኽምጠኛን የማይሰማው ቅጣው እንኳ፣ ሰዎቹ በኽምጠኛ ሲያንሾካሽኩ ዓይናቸውን ተከትሎ አግዳሚውን ያይ ጀመር። አባቴ ከአግዳሚው ግራና ቀኝ ድጋፍ ቢጨምርም ብቅል በመጣ ቁጥር ያው ነው። ሁሉም ሰው እንጨቱን ነበር የሚያየው። አባቴም ጭምር።

ከዚያ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ቤታችን መጡ። የደብሩ አለቃ ነበሩ። ዝናብ ይዘንባል፤ እኔ ከጎታው ኋላ ተቀምጬ ባቄላ እለቅማለሁ። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሁሉም አልገባኝም። «እኔ ነኝ ውሰድ ያልኩህ» ሲሉ ሰማሁ። «ጉባኤውን ሳልጠይቅ... ለሕዝብ ይጠቅማል ብዬ... አሁን ባወጣው ከመንበሩ ያነሱኛል። ልጆቼን የት አደርሳቸዋለሁ?» ከዚያ እኒያ ትልቅ ሰው ድንገት ጭቃ ባለበት ወለል ላይ ወደቁና የአባቴን እግር ያዙ። አባቴ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው።

የታመሙ መሰለኝ። አባቴን ሊያድናቸው ስለቻለ ወደድኩት።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት ሲሄዱ።

«ደክሟቸው ነው» አለ።

እናቴ ከምድጃው ዘንድ ተነሳች። «አንተ ሰውዬ፣ ትናገራለህ አይደል? ራሳቸው ፈቀዱልኝ ትላለህ አይደል?»

«ቄስ ካዋረድኩ ማን ይናዝዘናል? ማንስ ያቆርበናል?»

«አንተ ስትዋረድስ?»

«እኔ አናጢ ነኝ» አለ አባቴ። «ጥፋቴን ተናግሬ እወጣለሁ። ደግሞ የጠረብኩት እኔ አይደለሁ? ልቤ እያመነታ ነው የጠረብኩት።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ዛሬም ድረስ አልረሳውም። የሰው ጥፋት ብቻ አልነበረም የተሸከመው፤ እሱም አምኖበታል።

እሑድ ጠዋት ከአጥራችን ጥግ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ጋቢውን ትቶ ወገቡን በገመድ ታጥቋል። የሚካኤል አጥር በክረምቱ ስለተናደ ካህናቱ ሕዝቡን ድንጋይ አምጡ ሲሉ ሰንብተዋል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ አባቴ አጥሩን ሊሠራ ነው። ማንም ሳይቀድመው ድንጋይ የሚያመጣ አባት ያላት ልጅ ነበርኩ። እኔም አቅሜን የምታህል ፈልጌ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከኋላው ተከተልኩት። እናቴ ስትጠራኝ እየሮጥኩ ነበር።

ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ከበሩ ግራና ቀኝ ቆሟል። አባቴን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ድንጋዬን ቀና አድርጌ በመካከላቸው አለፍኩ። ያደነቁን መስሎኝ ነበር።

አባቴ በሩ ላይ ተንበረከከ። እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁ። «በድያለሁ» አለ። «ያልተፈቀደልኝን ወስጃለሁ። ማሩኝ።» ከትከሻው ድንጋዩን ማውረድ ያለባቸው አለቃው ናቸው። ቄስ ገብረ ኢየሱስ መጥተው አወረዱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እጃቸውን ወደ ድንጋዬ ዘረጉና መሃል ላይ ቆሙ።

«ይህችን ማን አመጣት?» አሉ።

«የደግሰው ልጅ ናት» አለ አንድ ሰው።

ፊታቸውን አዞሩ። ድንጋዬ ስላነሰች የተናቀች መስሎኝ አለቀስኩ። ከትከሻዬ ያወረደልኝ አባቴ ነው።

ግዝቱ ተፈታለት ተባለ። ጥዱ ከመደቡ ሥር ወጥቶ ወደ ሚካኤል ተመለሰ። በሬዎቹ ሽቅብ ሲጎትቱት እኔ በደስታ ከጎኑ እዘል ነበር፤ ልመናዬ ተሰምቶ ወደ ቤቱ ሊገባ ነዋ! ዛሬ ያ እንጨት የደብሩን ደወል ተሸክሞ ቆሟል። ደወሉ ሲመታ ቆሜ አየዋለሁ። ንቅንቅ አይልም።

በጥዱ ምትክ አባቴ ከሰቆጣ በገዛው ባሕር ዛፍ አዲስ አግዳሚ ሠራ። ከጥዱ ይቀጥናል፤ ያገኘው እሱን ነው። ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ጸበል ተረጨ። ቅጣው ሞተሩን አስነሳ። ዝናሽ ማሽላዋን አስቀደመች።

ባሕር ዛፉ ተንቀጠቀጠ። በማሽላ ብቻ፣ ብቅል ሳይመጣ።

አባቴ ከመደቡ ሥር ገብቶ መዳፉን ጫነበት። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ፊቱ ሲበራ አየሁ። «ይህም!» አለ። «ይህም ይንቀጠቀጣል!» እየሳቀ መሰለኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶታል። ደንግጬ ሸሸሁ። አባቴ ያበደ መሰለኝ። ዛሬ ስመለከተው ያቺ ደቂቃ በሕይወቱ ነፃ የወጣባት ደቂቃ ነበረች። ጥዱ ካልሆነ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሊናገር ከመደቡ ሥር ወጣ።

ዝናሽ ቀደመችው። «እንጨቱ ተለወጠ» አለች ዱቄት በነካው እጇ አፏን ይዛ። «ያልተለወጠው ምንድን ነው? የጠራቢው እጅ ነው።»

ሴቶቹ አማተቡ። አባቴ እጆቹን አየ። ከዚያ ጋቢው ውስጥ አስገባቸው።

ባሕር ዛፉ እስከ ሁዳዴ ድረስ እንኳ አልቆየም፤ ተሰነጠቀ። ሴቶቹ ወደ እጅ ወፍጮ ተመለሱ፤ በዚያ ወራት እናቴ ምንጭ ስትወርድ እንስራ የሚያሸክማት አልነበረም። ከጽጽቃ የመጣ አናጢ ስንጥቁን በድንጋይ ካብ ደግፎ ወፍጮውን አስነሳው። ከዚያ ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ኖረ፤ ሰውም አብሮ ኖረ። አባቴን ግን ቤት ሥራልኝ፣ ሞፈር ጥረብልኝ የሚለው ጠፋ። መጥረቢያው ከግድግዳው ላይ ተሰቀለ። እናቴ ትወደው ነበር፤ ስትሞትም እጁን ይዛ ነው የሞተችው። ነገር ግን የቤታችን በር ሲበሰብስ በሩን ያሠራችው በሌላ ሰው ነው። አባቴ ሰውዬው ሲሠራ ምስማር አቀበለው።

እኔም አግብቼ ልጅ ወለድኩ። ልጄ መስከረም ሰቆጣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ የማሽን ጥገና ትማራለች። ሌላው እናት ልጄ ተማረችልኝ ይላል፤ እኔ እጇን ማሽን ይበላታል ብዬ እንቅልፍ የለኝም። ባለፈው ዓመት ለእረፍት መጥታ ወፍጮ ቤት ስትገባ ቺንጋው ፀጉሯን እንዳይዝባት ሻሿን እኔ ነኝ ያሰርኩላት። እኛ የጎልማሶች ትምህርት የምንማረው ከወፍጮው ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ይንኳኳል፤ አስተማሪያችን በአንድ እጁ ሰሌዳውን ይዞ በአንድ እጁ ይጽፋል።

«እማዬ፣ ነይ እዪ» ብላ ጠራችኝ መስከረም። ሞተሩን አስጠፍታ ቺንጋውን አውልቃለች። መዘውሩን በእጇ አሽከረከረችና ለቀቀችው። ዞሮ ዞሮ ሲቆም የተሸረፈው ቦታ ከላይ ሆነ። ደግማ አዞረችው፤ አሁንም ከላይ። «አየሽ? አንደኛው ጎኑ ይከብዳል። ሲዞር ከባዱ ጎን መደቡን ይጎትተዋል።»

«መደቡ ታዲያ በብቅል ለምን ይብስ ነበር?» አልኳት።

«ብቅል ሸካራ ነው የሚፈጨው አይደል? ድንጋዮቹ ይራራቃሉ፤ ሞተሩ ይቀለውና ይፈጥናል። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ስትገፊ በሰዓቱ ከገፋሽ በትንሽ ጉልበት ከፍ አይልም? እንጨትም የራሱ የመወዛወዣ ፍጥነት አለው። መዘውሩ በዚያ ፍጥነት ሲገፋው ይዘላል። ወፍራም እንጨት ከሆነ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው፤ መዘውሩ የሚደርስበት ብቅል ሲፈጭ ብቻ ነው።»

«ቀጭን ከሆነስ?»

«ከመዘውሩ የዘወትር ፍጥነት ጋር ይገጥማል። በየቀኑ ይንቀጠቀጣል።»

ከተሸረፈው ቦታ አጠገብ ቁራጭ ብረት በብሎን አሰረች። እያዞረች፣ ብረቱን እየቀነሰች፣ እንደገና እያዞረች ቆየች። በመጨረሻ መዘውሩ በፈለገው ቦታ የሚቆም ሆነ። ሞተሩ ተነሳ። ከግድግዳው ወዲያ የአስተማሪያችን ድምፅ ተሰማ፤ ሰሌዳው ግን አልተንኳኳም።

አባቴ ዘንድ እየሮጥኩ ሄድኩ። ደጅ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲሰማኝ ፊቱ አልተለወጠም።

«ጥዱ ታዲያ ምንም አልነበረበትም?» አለ።

«ምንም አልነበረበትም፣ አባዬ።»

«ባሕር ዛፉስ?»

«እሱም።»

እጆቹን አየ። «እጄስ?»

መልሱን ልነግረው እጁን ስይዝ ከአጥሩ ውጭ እልልታ ሰማን። ዝናሽ ናት፤ በምርኩዝ እየተደገፈች ከፊት፣ ሌሎቹ ሴቶች ከኋላዋ። መስከረምን በመካከላቸው ይዘዋታል።

«ደግሰው! እንኳን ማረህ! ሚካኤል ታረቀህ!» አለች ዝናሽ ገና ከበሩ። «ጸጥ አለ እኮ! እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ አለ!»

«እማማ ዝናሽ፣ ብረት ነው» አለች መስከረም። «ብሎን ነው ያሰርኩት። ከመጣ ጀምሮ የተሸረፈ መዘውር ነው።»

«እሱንስ እንድታይ ዓይንሽን ያበራው ማን ሆነና ነው? ይህ ሁሉ ሰው ሲያየው ኖሮ ለአንቺ ለምን ተገለጠ? የደግሰው የልጅ ልጅ ስለሆንሽ ነዋ! ኃጢአቱ ከዚህ ቤት ወጣ፣ ምሕረቱም ከዚህ ቤት መጣ።»

መስከረም አፏን ስትከፍት አባቴ በዓይኑ ከለከላት። «አሜን» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዝናሽ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው። ያን ያህል ቀርባው አታውቅም።

ሲሄዱ መስከረም ተናደደች። «አባባ፣ ለምን ዝም አሉ? ምን በደሉና ነው የሚማሩት?»

«ቢሰሙኝ ኖሮ ያኔ ይሰሙኝ ነበር» አለ። «አሁን ከሚርቁኝ ይህን ይዘው ቢቀርቡኝ ይሻለኛል።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ያ ባሕር ዛፍ አሁንም በድንጋይ እንደተደገፈ ነው?»

«አዎ። መለወጥ አለበት» አለች መስከረም።

«እንግዲያ ለእኔ ይስጡኝ። ያለ ዋጋ እጠርበዋለሁ። ልጄ አገኘሁሽ፣ ሄደሽ ንገሪልኝ» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። የወፍጮው ኮሚቴ ሰብሳቢ ይታየሽ ናት፤ ትምህርት ላይ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ የማላውቀውን ፊደል በጣቷ ታሳየኛለች። ነገሬን ጨርሼ ስቆም ክንዴን ያዘች።

«አገኘሁሽ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። አሁን ጸጥ ብሏል። የታረቀውን ባንፈትነው አይሻልም?»

«መዘውሩ ነው እኮ። መስከረም ስታስር አይተሻል።»

«አይቻለሁ። እኔ አምኛለሁ። ግን እሱ ከጠረበ በኋላ አንዲት ነገር ብትንቀጠቀጥ ሰዉ ምን ይላል? ይህን ለአባትሽም ብዬ ነው። የጽጽቃውን አናጢ ልጅ ልከንበታል፤ እሱ ይሥራው።»

የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። ግን ልጄን አሰብኩ፤ ነገ አንድ ብሎን ቢላላ በእሷም እጅ ላይ ምን እንደሚባል አሰብኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ መጥረቢያውን ከግድግዳው አውርዶ ዛጉን በሞረድ ጨርሶ አስለቅቆታል። ስለቱን በአውራ ጣቱ እየሞከረ ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ምን አሉ?» አለ።

«ሰው ይዘናል አሉ።»

«ከጽጽቃ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

አውራ ጣቱ ከስለቱ ላይ ቆመ። ከዚያ መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ደረቅ እንጨት ይምረጥ በሉት» አለ። «ርጥብ ከሆነ ይሰነጠቃል።»